የሁለተኛው ክፍል ሙቀት

ሐሙስ፣ ግንቦት 15፣ ከቀትር በኋላ

ለልጄ አባት፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? ደብዳቤህ በመጣ ቁጥር ልጃችን “አባዬ ደህና ነው” ትለኛለች፤ ከዚያ በላይ አትነግረኝም፣ እኔም ከዚያ በላይ አልጠይቃትም። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሙሉ አንዲት መስመር ያልጻፈች ሴት ዛሬ ምን ነክቷት ነው ብለህ ፖስታውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገህ እንደምታየው አውቃለሁ። ሳታነበው መሳቢያ ውስጥ እንዳትወረውረው ብቻ እለምንሃለሁ። አንብበህ ስትጨርስ የፈለግከውን አድርገው።

እኔ ደህና ነኝ፤ እጄ ግን ይገማል። ቀልድ አይደለም። በሳሙና አጠብኩት፣ በላምባ አጠብኩት፣ በአመድ ፈተግኩት፣ በሎሚ አሸሁት። ሽታው ጥፍሬ ሥር ገብቶ ቤት ሠርቷል፤ የተቃጠለ ጎማና የበሰበሰ ዓሣ ተጋብተው የወለዱት ይመስላል። ትናንት ምሳ ላይ ልጃችን ምንም ሳትናገር ወንበሯን ከእኔ ራቅ አደረገች። ያኔ አንተን በር ላይ አቁሜ “ልብስህን ሳትቀይር ወንበሬ ላይ እንዳትቀመጥ” የምልህ ትዝ አለኝና ሳህኔን ይዤ ተነሣሁ።

ምን እንደደረሰ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ከሰጋቱራ ጋዝ አውጥቶ ለዳቦ ቤቱና ለልብስ ማጠቢያው በቱቦ የሚልከው ምድጃ ሲተከል፣ ስለ ጋዝ የማውቀው ነገር አልነበረም። የፋብሪካው ኃላፊ ወንድሜ፣ ያው ጋሼ፣ “ጽሕፈትሽ ያምራል፣ መዝገቡን አንቺ ያዢ” ብሎ መቆጣጠሪያ ክፍል ሲያስቀምጠኝ፣ ሥራውን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። አንድ እሑድ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ሰጋቱራ ሞልተህ፣ ክዳኑን በሚስማር በስተህ፣ ወጥ ቤት እሳት ላይ ጣድከው። በቀዳዳዋ የወጣውን ጭስ በክብሪት ስትለኩሰው ነበልባል ሆነ፤ ልጃችን አጨበጨበች። ሲበርድ ከፈትነው። ከታች ከሰል፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ ጥቁር፣ ዝልግልግ ያለ ነገር። “ቅጥራን ነው” አልከኝ። “እንጨት አየር በሌለበት ሲግል ሦስት ነገር ይሰጣል፤ ጋዝ፣ ከሰል፣ ይኼን ጉድ። ሙቀቱ ካነሰ ጉዱ ይበዛል። ጭሱን ሁለተኛው ክፍል አስገብተሽ ከሺህ ዲግሪ በላይ ካጋልሽው ግን ቅጥራኑም ተሰባብሮ ጋዝ ይሆናል። የምድጃው ነፍስ ሁለተኛው ክፍል ነው።” ወጥ ቤቴን በቅጥራን ስላበላሸህብኝ ተቆጥቼህ ነበር እንጂ ነገሩ ገብቶኛል።

ከዚያ የሆነውን ታውቀዋለህ። ከሥራ መጥተህ “የሁለተኛው ክፍል መለኪያ መርፌ ይዋሻል” አልከኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ሺህ አንድ መቶ ላይ ተተክሎ ይውላል፣ እሳት ነው እንጂ ሐውልት አይደለም፣ ከፍ ዝቅ ማለት ነበረበት አልክ። ምድጃው ደህና ነው ብዬ አልፈርምም ስትል ጋሼ አሰናበተህ። ለሰዉ ሁሉ ደግሞ “መጠጥ አበላሸው” ብሎ አወራብህ። መጠጥ በአፍህ እንደማይዞር ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ዝም አልኩ። ዝም ብቻ ብል ባልከፋ፤ “እንደ አባት ካሳደገኝ ወንድሜ ጋር አታጣላኝ” ብዬህ በአንዲት ቦርሳ ሸኘሁህ። እኔም በማግስቱ ቢሮዬ ገብቼ፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቴ፣ 1100 ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱም። ሃያ ሰባት ወር።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ወደቀች። ዳር ዳሩ ያረረውን ዳቦ አንተ ትወዳለህ ብላ ለይታ የምታስቀምጠው ሴትዮ ናት። እኛ የምንልከው ጋዝ መጥቶ መጥቶ ምድጃዋ ውስጥ ቀጭን ሆነ፣ እሳቱ ጠፋ፤ እሷ ሊጥ ታድበለብላለች፣ አላየችም። ትንሽ ቆይቶ የታፈነው ጋዝ ሲለቀቅ ሳይቃጠል ቤቱን ሞላው። ዳቦ ሊገዙ የመጡ ሰዎች ጎትተው ወደ ግቢው አወጧት። ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ነበር አሉ። ሦስት ቀን ሐኪም ቤት አፏ ላይ ኦክስጅን ተደርጎላት ተኛች። ነፍሷ ተርፋለች። ግን ልጠይቃት ስሄድ “ዱቄት” የሚለው ቃል ጠፍቶባት “ያ… ያ ነጩ” እያለች ጣቶቿን ታፋትግ ነበር። ሃያ ዓመት በዱቄት የኖረች ሴት።

ጋሼ የሰማ ቀን ምን አለ መሰለህ? “ሳትለኩስ ከፍታ ነው። ሴትዮዋ ድሮም ዝርክርክ ናት።” ከዚያ በወረቀት ቁራጭ ጽፎ ሰጠኝ፤ “መስመሩ በዕለቱ ተፈትሾ ደህና ነበር” ይላል። መዝገቡ ላይ እንድገለብጠው ነው። ልዋሽህ አልፈልግም፤ ብዕሩን አንስቼ ነበር። ቀኑንም ጽፌአለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚሉት እውነት ነው፤ ሃያ ሰባት ወር ተሸክሜው ምንም አልከበደኝም።

በዚህ መሃል ያ ዝምተኛው በያጅ በሩ ላይ ቆመ። በወር ሦስት ቃል የሚናገረው። “እትዬ፣ የዳቦ ቤቱን ቱቦ ልፈታ ነው። የሚያይልኝ ሰው እፈልጋለሁ” አለኝ። ተነሥቼ ተከተልኩት። ለምን እንደተነሣሁ እስካሁን አላውቅም።

ቱቦው ዳቦ ቤቱ ጀርባ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ብሎኖቹን ፈታቸው። መጀመሪያ ምንም አልወጣም። በብረት ዘንግ ሲወጋው ግን መጣ። ሬንጅ ነው እንዳልልህ ሬንጅ ንጹሕ ነገር ነው። ይኼኛው ጥቁር ሆኖ ዳር ዳሩ ቡናማ ውሃ የሚያዥ፣ ክር እየሳበ የሚወርድ፣ ውስጡ ጥላሸት እንደ ጸጉር የተጠቀለለበት ነገር ነው። እንደ ክንዴ ወፍሮ እየተንፏቀቀ ወጣ። ባልዲው ሲንሸራተት በእጄ ያዝኩት፤ ለብ ያለ ነበር። ለብ ማለቱ ነው ያስጠላኝ፣ የታመመ ሰው ሆድ የነካሁ መሰለኝ። ጓንት የለኝ፣ ምን የለኝ። ከግድግዳው ጀርባ ሄጄ የጠዋቱን ሻይ ሳይቀር አስመለስኩት።

ስመለስ በያጁ ቱቦው ሥር ቁጢጥ ብሎ ያያል። “እትዬ፣ ሺህ አንድ መቶ ዲግሪ ያለፈ ጭስ ይኼን አይወልድም” አለ።

አንተ ያልከውን ነው ያለው። አንተ ስትለኝ አልሰማሁም፤ የእሱን የሰማሁት እጄ ስለገማ ነው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ምድጃው ሄድኩ። ከመቆጣጠሪያ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ካለው መለኪያ ጀምሬ ሽቦውን በጣቴ እየተከተልኩ፣ በመሰላሉ ወጣሁ። ሃያ ሰባት ወር ሙሉ ያንን መሰላል አንድ ቀን ወጥቼው አላውቅም፤ የእኔ ሥራ ማንበብ ነበርና። ሽቦው ወደ ሁለተኛው ክፍል ሄዶ ሄዶ፣ ልክ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ይታጠፋል። የመለኪያው ዘንግ የሚገባበት ቀዳዳ በጭቃ ተመርጓል። ዘንጉ ራሱ ወደ ታች ወርዶ፣ ነበልባሉ አፍ ላይ ተሰክቷል፤ እሳቱ ቀንና ሌሊት ይልሰዋል። ሺህ አንድ መቶ የሚያነበው ያንን ነበልባል ነው። ሁለተኛው ክፍል ላይ በያጁ ተንቀሳቃሽ መለኪያውን አስጠግቶ አሳየኝ። አምስት መቶ ሰማንያ።

ጋሼ ቢሮው ተቀምጦ ዳቦ በማር እየበላ ነበር። የዚያችው ሴት ዳቦ፤ የቅዳሜው ተረፍ። “ዘንጉን ማን አወረደው?” አልኩት።

ጣቱን ልሶ “እኔ ነኝ” አለ፤ ሰዓት ስንት ነው ያልኩት ይመስል። “ሁለተኛው ክፍል የምናመርተውን ጋዝ ሲሶውን ይበላል። ጋዙን ለደንበኛ ልስጥ ወይስ ጡብ ላግልበት?”

“ቅጥራኑስ?”

“ውሃ ያጥበዋል።”

“ያጠበው ውሃስ ወዴት ይሄዳል?”

“ውሃ ወዴት ይሄዳል? ወደ ታች ነዋ።”

ከዚያ ነገሩን ወደ ሌላ አዞረ። “ለመሆኑ መዝገቡ ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው? የእኔ አይደለም።” ወዲያው ደግሞ ድምፁን አለሰለሰና፣ “በጀርባዬ አዝዬ ሐኪም ቤት ያደረስኩሽ እኔ አይደለሁም እንዴ? ዛሬ በአንድ የተደፈነ ቱቦ ወንድምሽን ትሸጪኛለሽ?” አለኝ።

እውነቱን ነው፣ አዝሎኛል። የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ትኩሳት ይዞኝ፤ የጀርባው ላብ እስካሁን ትዝ ይለኛል። ያንገሸገሸኝ ታዲያ ይኸው ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያንን ጀርባውን ከመሣሪያ ሣጥን እንደሚወጣ ቁልፍ አውጥቶ ብሎን ሊያጠብቅብኝ ሞከረ። ጢሙ ላይ ማር ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ሊያስመልሰኝ ሲል ወጣሁ።

ውሃው ወደ ታች ነው ብሎኝ የለ? በማግስቱ ጠዋት ተከተልኩት። ከአጥሩ ሥር በተቀበረ ቱቦ ወጥቶ ቦዩ ውስጥ ይገባል። ላዩ ቡናማ አረፋ ነው፣ አረፋው ላይ ዘይት ቀስተ ደመና ይሠራል፤ ዳርና ዳሩ ሣሩ ከሥሩ ጠቁሯል። አፍንጫዬን በሻርፕ ይዤ እየተንገዳገድኩ ሄድኩ። ቦዩ የሚያልቀው አንድ ሽማግሌ አትክልተኛ ሰላጣና ካሮት በሚያለማባት ቁራሽ መሬት ላይ ነው። ሽማግሌው በቆርቆሮ እየቀዳ ያጠጣል። “አባቴ፣ ይኼ ውሃ አይሸትዎትም?” አልኳቸው።

“ይሸታል እንጂ ልጄ። ሰላጣውም ዘንድሮ እንቢ ብሏል።”

“ታዲያ ለምን ያጠጡታል?”

ቀና ብለው አዩኝ። “ከላይ ያሉት የተማሩ ሰዎች ናቸው። መርዝ ቢሆን ይነግሩን ነበር” አሉኝ።

እጄን ከሻርፑ ሥር ደበቅኩ። “አባቴ፣ መርዝ ነው። ከላይ ያለሁት እኔ ነኝ” አልኳቸው። ቆርቆሮውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት። አልተቆጡኝም። ፊታቸውን አዙረው ካሮታቸውን አንድ በአንድ መንቀል ጀመሩ። ቢሰድቡኝ ምናለ? አብሬአቸው እስከ ቀትር ስነቅል ቆየሁ፣ እሳቸውም ሂጂም ተቀመጪም አላሉኝ።

ረቡዕ ጠዋት ሰዉ ሥራ ሲገባ ያስተማርከኝን አደረግኩ። ሰጋቱራ መመገቡን አስቆምኩ፣ ወደ ደንበኞች የሚሄደውን ጋዝ ዘጋሁ፣ የቀረውን በጭስ ማውጫው በኩል እንዲቃጠል ለቀቅኩት። ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ያየኛል። ከዚያ መዝገቡን ከፍቼ በቀይ ብዕር ጻፍኩ፦ “በዚህ መዝገብ በሃያ ሰባት ወር ውስጥ የጻፍኩት የሁለተኛው ክፍል ሙቀት በሙሉ ሐሰት ነው።” ፈረምኩበት።

ጋሼ መዝገቡን ሊነጥቀኝ መጣ። ክንዴን ሲይዘኝ በያጁ መሃላችን ገባ። “ጋሼ፣ ይተዋት። እርስዎ ቢነጥቋትም እኔ የለካሁትን አውቃለሁ” አለ። በአንድ ዓመት የሚናገረውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ጋሼ ክንዴን ለቀቀ። “ከዛሬ ጀምሮ እኅት የለኝም” አለኝ። እንደማለቅስ ጠብቄ ነበር፤ የተሰማኝ ግን ሆዴ ባዶ ሆኖ ማቅለሽለሹ መቆሙ ብቻ ነው።

መዝገቡን በብብቴ ይዤ ወደ ከተማው ፋብሪካ ተቆጣጣሪ ሄድኩ። ወጣት ሴት ናት፤ ልታይ አብራኝ መጣች። ቦዩ ጋ ስትደርስ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ኋላ አፈገፈገች። “ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ እርስዎን አልሸተተዎትም?” አለችኝ። “ሸቶኛል” አልኳት። “ታዲያ?” “ተለመደ” አልኳት። መጻፍ አቁማ አየችኝ። እኔን ከቦዩ አልለየችኝም፤ መለየትም አልነበረባትም።

ምድጃው ታሸገ። ጋሼ ከኃላፊነቱ ተነሥቷል፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው፤ የሚስቱ ዘመዶች ጋ ሄዷል። እኔም እጠራለሁ፣ ፊርማው የእኔ ነውና። የሚፈርዱብኝን እቀበላለሁ። ለተቆጣጣሪዋ ግን አንድ ነገር አስጻፍኳት፤ “አንድ መካኒክ ይኼን ከጅምሩ አይቶ አልፈርምም በማለቱ ተባርሯል። ሰካራም አልነበረም።” ሁለት ጊዜ አስነበብኳት።

ወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። ዳቦ ቤቱ እስኪጠገን ሰዉ ወደ ላይኛው ሰፈር ሄዶ ነው ዳቦ የሚሰለፈው። ባለፈው ቅዳሜ ሰልፉ መሃል ቆሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ፤ ባሌ አንድ ቀን ሰክሮ አያውቅም፣ ወንድሜ ዋሽቶ ነው፣ እኔም እያወቅኩ ዝም ብዬ ነው አልኩ። አንዷ “ዛሬ ነው ትዝ ያለሽ?” አለችኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለቷ ነው። “አዎ፣ ዛሬ ነው” አልኳት። ከኋላዬ የነበረው ፀጉር አስተካካይ ግን “እኔ ድሮም አላመንኩም፤ አሥር ዓመት ፀጉሩን ስቆርጠው አንድ ቀን መጠጥ ሸቶኝ አያውቅም” አለ። አላመንክም ታዲያ ለምን ዝም አልክ ልለው ነበር። በየትኛው አፌ?

ይቅርታ የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ሲጻፍ ያንሳል።

አሁን ሥራ ነው የምጠይቅህ። ሠራተኞቹ፣ የዳቦ ቤቱና የልብስ ማጠቢያው ሰዎች ሆነው ምድጃውን እንደገና ለማስነሣት ተስማምተዋል። ተቆጣጣሪዋ የሰጠችን ሁኔታ ግልጽ ነው፤ ሁለተኛው ክፍል ራሷ በምታሽገው መለኪያ፣ አንድ ቀን ሙሉ ከሺህ በላይ ይዞ ማደር አለበት፣ ጠብታ ቅጥራንም መውጣት የለበትም። ከበያጁ ጋር ሁለት ሳምንት ቱቦ ስንጠርግ ቆይተን፣ ሁለት ጊዜ ሞከርን። ስምንት መቶ ሃምሳ ላይ ስንደርስ የውስጡ ጡብ ይሰነጠቃል። በያጁ ብረት እንጂ ጡብ አያውቅም። ጡቡን የደረደርከው አንተ ነህ፤ የማያያዣውን ጭቃ ልክ የጻፍክበት ደብተር አንተ ጋ ነው። የትኛው አፈር ነው? ስንት ቀን ይድረቅ? በመጀመሪያው ቀን ሙቀቱ በየሰዓቱ በስንት ይጨምር? በደብዳቤ ብትጽፍልን ይበቃል፣ እንደምንም እናነበዋለን። የአንተን ጽሕፈት ከእኔ በቀር የሚያነብ የለም እንጂ።

ልጃችን ጥሩ ናት። በሒሳብ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታለች፤ ራሷ ልትነግርህ ብላ ደብቃህ ይሆናል፣ የነገርኩህ እኔ ነኝ እንዳትላት። ቁመቷ እኔን አልፏል።

ወደዚህ የሚመጣው አውቶቡስ አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ሆኗል፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ። ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደርሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤት ነኝ። እንዲያው ለማወቁ ነው የነገርኩህ።

ፈጣሪ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ከክፉ ሰውና ከውሸታም ይጠብቅህ፣ የምትበላውን በጤና ያስበላህ።

ባለቤትህ